የመርከበኛው ዛፍና የሐኪሙ ጉቶ

እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ፍሬድሪክ ዊልያም ቢቺ፣ ብሎሰም የተባለች መርከቡን ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ሰላጤ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1826 ነበር። በ2026 200 ዓመት ይደፍናል። የተላከው በሰሜን ዋልታ በኩል መንገድ ፍለጋ የወጣውን የአሳሹን የፍራንክሊንን ጓድ በቤሪንግ ወሽመጥ ጠብቆ እንዲረዳ ነው። በረዶው ሲያይልበት ስንቅ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረደ። ካሊፎርኒያ ያኔ የሜክሲኮ ግዛት ስትሆን፣ ሳን ፍራንሲስኮም ከምሽግና ከሚሲዮን ግቢ ብዙ ያለፈች አልነበረችም። ቢቺ የሰላጤውን ካርታ ሲያነሳ ከውሃው ሥር ያደፈጠ፣ የመርከብን ሆድ ሊቀድ የሚችል አለት አገኘና ብሎሰም ሮክ ብሎ በመርከቡ ስም ጠራው። ከዚህ አለት ማምለጫ ብሎ የሰጠው ምልክት ግን ባሕር ላይ ያለ ነገር አይደለም። ከሰላጤው ማዶ፣ ዛሬ የኦክላንድ ከተማ ከተንጣለለችበት ሜዳ በላይ፣ ጋራው አናት ላይ የቆሙ ዛፎች ናቸው።

ያ ጋራ ዛሬ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሁድ ጸጥታ ፍለጋ የሚወጣበት የሬድዉድ ደን ነው። ጠዋት ጉሙ ከባሕር ሲነሳ ቅጠሎቹ ላይ ይጠራቀምና ዝናብ ሳይኖር ከሥራቸው ጠብ ጠብ ይላል። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ከመለስለሱ የተነሳ የእግር ኮቴ አይሰማበትም። በዚሁ ጋራ ላይ ባለው ሮበርትስ መናፈሻ ውስጥ የካሊፎርኒያ ታሪካዊ ቅርስ ቁጥር 962 የሆነ ምልክት ቆሟል። በዚህ ቦታ የነበሩ የሬድዉድ ዛፎች ቢያንስ እስከ 1851 ድረስ መርከበኞችን ከብሎሰም ሮክ ይመሩ እንደነበር ይናገራል። ከዚህ አጭር ጽሑፍ ላይ ተነስቶ ግን ሌላ ትረካ አብሮ አድጓል። በትረካው መሠረት መርከቦቹን የመሩት በዓለም ላይ ከታዩት ሁሉ የወፈሩት ዛፎች ናቸው፤ ውፍረታቸውም በጉቶአቸው ተለክቶ ተረጋግጧል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል ባይ ነኝ። መርከበኛው ያየው ዛፍና አንድ ሐኪም በኋላ የለካው ጉቶ ያው አንድ ናቸው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

ከቢቺ እንጀምር። በ1831 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ መርከበኞች የየርባ ቡዌና ደሴትን ሰሜናዊ ጫፍ ከሁለት ዛፎች ጋር እንዲያስተካክሉ ይመክራል። ዛፎቹንም ሲገልጻቸው ስፔናውያን ፓሎስ ኮሎራዶስ፣ ማለትም ቀያይ ግንዶች፣ ከሚሉት ደን በስተደቡብ ተበታትነው ከቆሙት የመጨረሻዎቹ ማለት ይቻላል ይላል። ደኑን ራሱን ፓይን ነው ብሎታል፤ በዚህ ተሳስቷል። ሬድዉድ ከእኛ ሐበሻ ጥድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነው እንጂ ፓይን አይደለም። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ቢቺ የጠቆመው ደኑ መሐል ያለውን ግዙፍ ሳይሆን ከደኑ ተነጥለው የቆሙትን ሁለቱን ነው። ለመርከበኛ ምልክት የሚሆነው ከሌላው ጋር የማይምታታ ነገር ነውና። መቶ ዛፍ ተጠጋግቶ በቆመበት አንዱ የቱንም ያህል ቢወፍር ከሩቅ ማን ይለየዋል?

ግዙፍ ካልነበሩ ከዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት ታዩ የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ስሌት ነው። ከሰላጤው መግቢያ እስከ ጋራው ያለው ርቀት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት 90 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ ለዓይን የሙሉ ጨረቃን ስፋት ከሲሶ በለጥ ያለ ያህል ሆኖ ይታያል፤ 60 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ሩብ ያህሉን ይይዛል። በሸንተረሩ ላይ ባለው የቻቦት የጠፈርና የሳይንስ ማዕከል ሰገነት ላይ ቆሞ፣ በ1883 በተሠራው ሊያ በተባለው ቴሌስኮፕ ጨረቃን ለሚያይ ጎብኚ ይህ ልኬት እንግዳ አይሆንበትም። 10 ሜትር የሚወፍር ግንድ ግን በዚያው ርቀት የሰው ዓይን በጭንቅ ሊለየው የሚችለው ቀጭን መስመር ነው። ስለዚህ መርከበኛውን የመራው ቁመትና የጋራው ከፍታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዛፎቹ ለብቻ መቆም እንጂ ውፍረታቸው አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ምስክር እንለፍ። ዊልያም ጊበንስ የአላሜዳ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ስለ ኦክላንድ ጋራ ሬድዉድ በ1893 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዳር እስከ ዳር ከ30 ጫማ፣ ማለትም ከ9 ሜትር በላይ የሚሰፋ ጉቶ እንደነበር መዝግቧል። በግዙፍነቱ ዓለም የሚያውቀው ጄኔራል ሸርማን የተባለው የሌላ ዝርያ ዛፍ እንኳ በሰው ደረት ከፍታ ላይ ሲለካ 25 ጫማ ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ሐኪሙ አጋኗል ብለው ያልፉታል። ለዚህ ፍርድ ግን ሰውየው የተመቸ አይደለም። በ1855 ከዚያው ጋራ ሥር ከሚፈስ ወንዝ የወጡ ትንንሽ ዓሦችን መርምሮ፣ የቀስተ ደመና ትራውትን ከአካባቢው ለሳይንስ ያስተዋወቀ እርሱ ነው። የሰጠው ስም እስከ ዛሬ በንዑስ ዝርያው ላይ አለ። (ይኸው የዓሣ ዝርያ በብዙ አገር ዞሮ፣ በኬንያ በኩል የእኛ ባሌ ወንዞች ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።) የጣት ርዝመት ያለውን ዓሣ በዚያ ጥንቃቄ የገለጸ ሰው የጉቶ ልኬት በሜትሮች ይስታል ማለት ይከብደኛል።

የጠነከረው መቃወሚያ ሌላ ነው፤ ጉቶው የአንድ ግንድ ላይሆን ይችላል የሚለው። ይህን መቃወሚያ ዛሬም ደኑ ራሱ ያስረዳዋል። ሬድዉድ ሲቆረጥ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ያስከረመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቡቃያው በጉቶው ዙሪያ ይወጣል፤ ጉቶው መሐል ላይ ሲበሰብስ ግንዶቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀራሉ። የኦክላንድ ጋራ ጎብኚ ደጋግሞ የሚያየው ይህንኑ ክብ ነው። ግንዶቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ቢወፍሩስ? እርስ በርስ ይገጥሙና አንድ ይሆናሉ። እንግዲህ ጊበንስ ገመዱን የዘረጋበት ጉቶ ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት እሳት ወይም ማዕበል የጣለው የሌላ ዛፍ ክብ ገጥሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ገመዱም አልዋሸም፤ ተጠራጣሪዎቹም አልተሳሳቱም። እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ።

ጥንታዊው ደን ስለተቆረጠበት ታሪክ ብዙ የሚባል የለም። ምድሩ ከጥንት የኦሎኒ ሕዝብ ነበር፤ ሰላጤው ዳር ያለው በ1820 ለፔራልታ ቤተሰብ በርስትነት ተሰጠ። ቆረጣው በ1840ዎቹ ተጀመረ። በ1848 ወርቅ ተገኘና ሰው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጎረፈ። ከተማዋ ከ1849 መጨረሻ እስከ 1851 ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግማ በእሳት ስትጋይ ለመልሶ ግንባታው ሳንቃ አስፈለገ፤ የእንጨት መሰንጠቂያዎችም ጋራው ሥር ተተከሉ። በ1860 ጥንታዊው ደን አልነበረም። አለቱም ቢሆን አልቆየም፤ በኤፕሪል 1870 አሌክሲስ ቮን ሽሚት የተባለ መሐንዲስ በባሩድ አፈነዳው። ደኑ በሕዝብ መናፈሻነት የተከለለው በ1939 ነው። ዛሬ በሚልስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በነበረችው በኦሬሊያ ሬይንሃርት ስም ይጠራል።

በቆረጣው ዘመን ዛፎቹ ጠፍተዋል፤ የመርከበኛውና የሐኪሙ ነገር ተደባልቆ ቢቀር ምን ይጎዳል የሚል አንባቢም ይኖራል። የሚጎዳው ዛሬ የቆመውን ደን ነው። በዓለም የወፈረው ዛፍ እዚህ ነበር ተብሎ የመጣ ሰው የሚያየውን እንደ ትርፍራፊ ይቆጥረዋል። ከጉቶ ያቆጠቆጠ ሬድዉድ ግን የቀድሞው ዛፍ ልጅ አይደለም፤ ራሱ ነው፤ ሥሩ አልተቋረጠም። ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምሳውን በልቶ በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ጋራው ላይ የሚወጣ የአገራችን ሰው፣ ቢቺ በመነጽሩ ያየው ዛፍ ሥር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ካልተቆረጡት ደግሞ አንድ አለ። ከሮበርትስ በስተደቡብ፣ ሊዮና ሃይትስ በተባለው ገደላማና አለታማ ስፍራ፣ ወደ 93 ጫማ የሚረዝም ጠመም ያለ ሬድዉድ ለብቻው ቆሟል። የአካባቢው ሰው የጥንቱ ተራፊ ይለዋል። ቆራጮቹ ለሳንቃ አይሆንም፣ ለማውረድም አይመችም ብለው ትተውት ሳይሆን አይቀርም። ግዙፍ አይደለም። ቢቺ ከጠቆማቸው ሁለት ዛፎች አንዱ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም፤ የቆመው ግን በዚያው በደቡቡ በኩል፣ ከደኑ ተነጥለው ከነበሩት ወገን ነው።