ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ የ1921ዱ የውድድር ጥይት ታሪክ

በምንኖርበት በሀገረ አሜሪካ ጠመንጃና ጥይት እንደማንኛውም ሸቀጥ በአደባባይ ይሸጣል። አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ገዝተው የሚተኩሱ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት «የውድድር ጥይት» የሚባለውን ነው። ይህ ጥይት ለጦር ሜዳ ሳይሆን ለኢላማ ውድድር ታስቦ፣ አረሩም ባሩዱም ከተራው በላቀ ጥንቃቄ ተመርጦ የተሠራ ነው። በቀለሁ ግርጌ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ታትሞበታል፤ ገዢውም ያንን አንብቦ ይተማመናል። እኛ ግን ያ መተማመን ብቻውን እንደማይበቃ ያስተማረ አንድ ታሪክ ለውድ አንባብያን እናወሳለን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ጥይቱ በ1906 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው «ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት» ነው። ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ኤም-ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ነበር። በቀደመው ዘመን አረሩ የሚለብሰው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ በበርሜሉ ውስጥ እየተጋገረ ተኩሱን ያዛባ ነበር። ተኳሾችም መላ ብለው የያዙት አረሩን ቅባት መንከር ነበር።

በፊላደልፊያ የነበረው የፍራንክፎርድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለ1921ዱ ብሔራዊ ውድድር ባዘጋጀው ጥይት ይህን ችግር ለመፍታት አረሩን በስስ ቆርቆሮ ለበጠው። ዘዴው ሠራ፤ በርሜሉ ጸዳ፤ ቅባትም አላስፈለገም። ነገር ግን የተደበቀ ጣጣ ነበረው። ቆርቆሮው ከቀለሁ አንገት ጋር ውሎ አድሮ እንደ ብየዳ ይጣበቅ ነበር። ደረቅ ሆኖ ሲተኮስ የቀለሁ አንገት ሰፍቶ አረሩን ይለቀዋል፤ ቅባት በዙሪያው ከተሞላ ግን አንገቱ መስፋት ይሳነዋል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ቅባት እንዳይነካው ቢከለከልም የልማድ ነገር ሆኖ ትእዛዙን የጣሱ ነበሩ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ የማያስፈልገውን ቅባት የቀቡ ሰዎች ጠመንጃ በእጃቸው ላይ ፈነዳ።

በማግስቱ ዓመት ፋብሪካው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ልባስ ይዞ ቀረበ፤ ቆርቆሮውም ቅባቱም ቀሩ። ጁሊያን ሃቸር የተባሉት የጦር መሣሪያ መኮንን ደግሞ በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ የገዛ ተቋማቸውን ስሕተት ከነምክንያቱ ዘርዝረው ለትውልድ አቆዩ።

ዛሬ አሮጌ ጥይት የሚገዛ ሰው ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው። የቀለሁን ምልክት፣ የሣጥኑን ጽሑፍና የምርቱን ተራ ቁጥር ያገናዝብ። የ1921ዱን ጥይት ለታሪክ ያኑረው እንጂ አይተኩሰው። ከ1950ዎቹ በፊት የተሠሩ ብዙ የአሜሪካ ጦር ጥይቶችም ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመማቸው ጨው ትቶ ስለሚያልፍ፣ ያው ጨውም እርጥበት ስቦ በርሜሉን ስለሚያዝግ፣ ከተኩስ በኋላ በርሜሉ በውሃ ታጥቦ ደርቆ ዘይት ሊቀባ ይገባል፤ ዘይት ብቻውን ጨው አያሟሟምና።

እኛን በብዕር የኖርነውን ግን ከሁሉ የሚመስጠን ሌላ ነው። ስሕተት የማይፈጽም ተቋም የለም። ስሕተቱን ጽፎ ያቆየ ተቋም ልጆቹን ከአደጋ ይጠብቃል፤ የደበቀ ግን ያንኑ የተጣበቀ ጥይት ለተከታዩ ትውልድ ያወርሳል።

ቸር ይግጠመን።