የሐተታው ደራሲ ማን መሆኑ ለሥነ ምግባር ምን ይለውጣል?

ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ በውጭ አገር ባለነው ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ ፈጠራ? የካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጽሑፉን ከኢትዮጵያ ለአንቷን ዳባዲ ላከ፤ ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሳምነር በ1970ዎቹ ተቃወሙት፤ አናኢስ ቪዮን በ2013 ክሱን አደሰችው። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በ2017 መሠረቱ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጁስቶ ግን እጁን አስገብቶበታል ወደሚል አቋም መጡ። ክርክሩ አልተዘጋም።

እኔ የምፈልገው ከዚህ ክርክር ሥር ያለውን ነው። ተራኪው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ልክ ነው ሲል ዳኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱም ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር ይቀበላል፣ ፈጣሪ ግን ክፉና ደጉን መለያ የልቡና ብርሃን ለሁሉም ሰጥቷል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ምንኩስናን፣ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን፣ በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት እንደ ርኩስ መቁጠርን ይነቅፋል። አገልጋይቱን ኂሩትን ሲያገባም ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው የተባለውን እንኳ በልቡና ይመዝናል፤ ስለዚህ ከፕላቶን ጀምሮ ለቆየው ጥያቄ፣ ደግ ነገር ደግ የሆነው ስለታዘዘ ነው ወይ ለሚለው፣ መልሱ አይደለም ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እምነትህ ከአባቶችህ የመጣ ነው የሚለው መሣሪያ በልቡናው ላይም ይዞራል። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ሻሮን ስትሪት በ2006 ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የሥነ ምግባር ፍርዳችንን የቀረጸው የዝግመተ ለውጥ ምርጫ ከሆነ፣ ከእኛ ውጭ ካለ የሞራል እውነት ጋር ቢገጣጠም አጋጣሚ ነው አለች። ዘርአ ያዕቆብ ዋስ አለው፤ ልቡናን የሰጠው ፈጣሪ አያታልልም። ያን ዋስ ያነሣ ሰው ግን ምን ይይዛል? ጆን ማኪ በ1977 እንዲህ ያለ እውነት ከነጭራሹ የለም ብሎ ነበር።

ነገሩ የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። እዚህ ኮሜርስ ሲቲም ሆነ ኦሮራ ያደገ ልጅ «ይህን የምትሉት እዚያ ስላደጋችሁ ነው» ይለናል። አንተስ እዚህ ስላደግህ አይደለም ወይ? መሣሪያው ለሁለቱም እኩል ይሠራልና ማንንም አያሸንፍም። በበኩሌ የእምነት ምንጭ እምነቱን ሐሰት አያደርገውም እላለሁ፤ እርግጠኝነታችንን ግን ይቀንሳል፣ ሌላ ምክንያት አምጡ ያሰኛል። ሰው መሸጥ ለምን ክፉ ነው ቢባል መልሱ የተሸጠው ሰው ላይ የሚደርሰው ነው እንጂ መጽሐፉ በ1667 ወይም በ1850ዎቹ መጻፉ አይደለም።

ያም ሆኖ ዘመኑ በአንድ ነገር ዋጋ አለው። ዴሪክ ፓርፊት በ2011 ባሳተመው ሥራው በልዩ ልዩ መንገድ የሚያስቡ ሰዎች በመጨረሻ ወደ አንድ ሐሳብ ይደርሳሉ የሚል ተስፋ አሳድሯል። በእንፍራንዝ የተቀመጠ ደብተራ ከአውሮፓ ፈላስፎች ሳይማር ባልና ሚስት እኩል ናቸው ካለ፣ ለፓርፊት ወገን ጥሩ ምስክር ነው። ጸሐፊው ጁስቶ ከሆነ ግን ያ ምስክር ይቀራል፤ አውሮፓ ለራሷ መመስከሯ ብቻ ይሆናል።