የዘፋኙ የናት ኪንግ ኮል ታሪክ

ሸክላው በየቤቱ ይሰማ የነበረ፥ እርሱ ራሱ ግን ጎረቤት አትሁነን የተባለ አንድ ዘፋኝ ነበር። ስሙ ናት ኪንግ ኮል ይባላል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ናትናኤል ነው። የተወለደው በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ሀገር በሞንትጎመሪ ከተማ ማርች 17 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አራት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ቺካጎ ተዛወረ። በዚያም አባቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ፤ እናቱም በቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ትመታ ነበር። ልጁ ፒያኖን መጀመሪያ የተማረው ከእርስዋ ነው። በ1937 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከአንድ ጊታር ደርዳሪና ከአንድ ባስ ተጫዋች ጋር፥ ከበሮ መቺ የሌለበት፥ ሦስት ሰዎች ብቻ ያሉበት ጓድ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የታወቀው በጣቶቹ እንጂ በድምፁ አልነበረም።

በዘፋኝነቱ ስሙን ያስጠራው በ1943 ዓ.ም. የቀዳው ሸክላ ነው። የዘፈኑ ነገር አባቱ በስብከቱ ከሚጠቅሰው የጥቁሮች ተረት የተወሰደ ነው። አንድ ጥንብ አንሣ እንስሳትን በጀርባው አዝሎ ወደ ሰማይ ያወጣና ከላይ ጥሎ ይበላቸዋል፤ ጦጣው ግን ጅራቱን በአንገቱ ጠምጥሞ ያንቀዋል። ስብከቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጭፈራ ቤት ሲገባ አባቱ ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያም «ኔቸር ቦይ» በ1948፥ «ሞና ሊዛ» በ1950 ዓ.ም. ተከተሉ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አይጮህም፤ እያንዳንዱም ቃል ተለይቶ ይሰማል። እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ከብዙ ዘፋኞች ይልቅ እርሱን መከታተል ይቀላል። ካፒቶል የተባለው የሸክላ ኩባንያ ከርሱ እጅግ ስላተረፈ፥ በ1956 ዓ.ም. በሆሊውድ ያሠራውን ክብ ሕንፃ ሰዎች «ናት የሠራው ቤት» ብለው ጠሩት።

ለራሱ ቤት መግዛቱ ግን እንደ በደል ተቆጠረበት። በ1948 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ቤት ለጥቁር አይሸጥም የሚለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወስኖ ነበር። በዚያው ዓመት ኮል በሎስ አንጀለስ፥ ነጮች በሚኖሩበት በሀንኮክ ፓርክ ሠፈር ቤት ቢገዛ፥ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ተቃወሙት። የማይፈለጉ ሰዎች እንዲገቡብን አንወድም ቢሉት፥ እኔም አልወድም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ያየሁ እንደ ሆነ መጀመሪያ የምከሰው እኔ ነኝ ብሎ መለሰላቸው። ቤቱንም አልለቀቀም።

ኤፕሪል 10 ቀን 1956 ዓ.ም. በትውልድ ክፍለ ሀገሩ በበርሚንግሃም ከተማ ለነጮች ብቻ በተዘጋጀ ትርኢት ሲዘፍን፥ ጥቂት ነጮች መድረኩ ላይ ዘለው ወጥተው ከፒያኖው ወንበር ጣሉት፤ ጀርባውም ተጎዳ። የራሱ ወገኖች ደግሞ፥ ለተከፋፈለ ሕዝብ ስለ ምን ትዘፍናለህ ብለው በብርቱ ነቀፉት። እኔም ታሪኩን ማንበብ ስጀምር ከነቃፊዎቹ ጋር ነበርሁ፤ ያን ያህል ዝና ያለው ሰው እምቢ ማለት ይችል ነበርና። አሁንም ነቀፋው ያለ ምክንያት ነበር አልልም። ነገር ግን መሬት ላይ የተጣለን ሰው ገና ሳይነሣ መውቀስ ይከብደኛል። ኮል ነቀፋውን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ለጥቁሮች መብት በሚሟገተው ማኅበር የዕድሜ ልክ አባል ሆነ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ኤን ቢ ሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የራሱ ፕሮግራም ተሰጠው። ስመ ጥር ዘፋኞች በጥቂት ገንዘብ እየመጡ ረዱት። ሆኖም ኩባንያዎች የደቡብ ነጮች ይቀየሙናል ብለው ስለ ፈሩ፥ ወጪውን በመላ አገሪቱ የሚሸፍን አንድ እንኳ አልተገኘም። በዲሴምበር 1957 ፕሮግራሙ ሲቆም፥ የማስታወቂያ ሰዎች ጨለማ ይፈራሉ ብሎ ቀለደ።

ሲጋራ እጅግ ያበዛ ነበር። በሳንባ ካንሰር ታሞ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1965 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ናታሊ ኮልም ዘፋኝ ሆነች። በ1991 ዓ.ም. የአባትዋን የቀድሞ ድምፅ በመሣሪያ ከራስዋ ድምፅ ጋር አገናኝታ፥ «አንፎርጌተብል» የተባለውን ዘፈኑን ሁለቱ አብረው የዘፈኑት አስመስላ አወጣችው። አባትዋ ሲሞት ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች።