ከእሪታ እስከ ሮንድ፤ ሌባን የመከላከል ሥርዐት በአገራችን

የብረት በርና የተጠማዘዘ ሽቦ ሳይታወቅ፥ ዘበኛም በወር ደመወዝ መቅጠር ሳይለመድ፥ የአገራችን ባላገር ቤቱንና ከብቱን ከሌባ ይጠብቅ የነበረው በአጥሩ ሳይሆን በጎረቤቱ ነበር። አጥሩ የግራር እሾህ ወይም ቁልቋል፥ መዝጊያውም በመቀርቀሪያ የሚያዝ ሳንቃ ነበር፤ ይህ ሁሉ ግን ጅብን ይመልስ እንደ ሆነ እንጂ ቆርጦ የመጣን ሌባ የሚያግድ ስላልነበረ፥ የቤቱ እውነተኛ መዝጊያ እሪታ ነበር። ሌሊት እሪ ሲባል ሰምቶ ጋሻና ጦሩን፥ እነዚህም ባይኖሩት ዱላውን ይዞ ያልወጣ ሰው፥ በማግስቱ ከሽማግሎች ፊት የሚያቀርበው ምክንያት ካላገኘ፥ ከሌባው ጋራ የመከረ መስሎ ይታይ ነበር።

በዚያ ዘመን የመኳንንቱም የካህናቱም ተሽከርካሪ በቅሎ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። መልካም በቅሎ የተሰረቀበት ሰው ዱካዋን ተከትሎ ከመንደር ወደ መንደር ይዘልቃል፤ ነገር ግን ከፍለጋው ይልቅ ሌባውን የሚያስጨንቀው ገበያው ነበር። ከብት የሚገዛ ሰው ዋጋውን ቆጥሮ ከመስጠቱ በፊት «ዋስ ጥራ» ይላልና፥ ሻጩ በአገሩ የታወቀ፥ ጎጆና ርስት ያለው ሰው አምጥቶ ከብቱ የሌባ እንዳይደለ ማረጋገጥ ነበረበት። ኋላ ባለቤቱ ከብቱን አግኝቶ ቢይዝ፥ ገዢው ወደ ሻጩ፥ ሻጩ ቢሰወር ደግሞ ወደ ዋሱ ይሄዳል። ዋስ ያላገኘ ሻጭ በቅሎው የቱንም ያህል ብታምር ገበያ ለገበያ ሲያዞራት ይውላል እንጂ አስተዋይ ገዢ አያገኝባትም።

ሌባው በእሪታም በገበያም ሳይያዝ ሲቀር የሚመጣው አውጫጭኝ፥ በሌላ ስሙም አፈርሳታ ነው። ንብረቱ የጠፋበት ሰው ለአገሩ ሹም ያመለክታል፤ ሹሙም ቀን ቆርጦ የአጥቢያውን ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ያሰበስባል፤ የቀረ መቀጮ ይከፍላል። የተሰበሰበውም ሕዝብ ከመካከሉ የታመኑ ሽማግሎችን ይመርጥና፥ እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን ሳይደብቅ ሊናገር ይምላል። በአደባባይ ለመናገር የፈራ፥ በተለይም የሌባው ዘመድ ብዙ የሆነበት ሰው፥ ነገሩን ለሽማግሎቹ በምሥጢር ያቀብል ነበርና፥ ይህን የማይታይ ምስክር ሕዝቡ «ወፍ» ይለው ነበር። ጉባኤው በአንድ ቀን ካልተፈጸመ ሌላ ቀን ይቀጠራል፤ አዝመራ የደረሰበት ገበሬ ማሳውን ጥሎ ከዚያ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው መዋሉ ራሱ አንደበትን የሚያስከፍት ብርቱ ምክንያት ነበር። ይህም ሁሉ ተደርጎ ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ፥ የጠፋው ንብረት ተገምቶ ዕዳው በአገሩ ሰው ላይ ይደለደላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ከጻፋቸው ልብ ወለዶች አንዱ ስሙንም ነገሩንም የወሰደው ከዚሁ ሥርዐት ነው።

የአውጫጭኝ ብልሃቱ ሌብነትን የባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ጉዳት ማድረጉ ነበር፤ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ዐይኑን አይጨፍንምና። በደሉም ከዚያው ከብልሃቱ ይወጣል፤ ምንም የማያውቅ ንጹሕ ሰው፥ ምናልባትም ከአንድ ጥማድ በሬ በቀር ሀብት የሌለው ድኻ፥ ላልሠራው ኃጢአት ካሣ ይከፍል ነበር።

ሌባ ሻይ የሚባለው ሌላው የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ግን ከዚህም የከፋ ነበር። አንድ ብላቴና ከዕፅ የተቀመመ መድኃኒት ይጠጣና፥ ራሱን ስቶ ሲነሣ በወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት አንድ ሰው ጨብጦ ይከተለዋል፤ ብላቴናው እየተንገዳገደ፥ አንዳንዴም በአራት እግሩ እየዳኸ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ያሸታል፤ በመጨረሻም ገብቶ የተጋደመበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ምስክር የለ፥ ኤግዚቢት የለ፤ የሰው ክብርና ንብረት በአንድ የሰከረ ሕፃን እግር ላይ ይወድቅ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ይህን ያህል ዘመን ታግሠው ማቆየታቸው ያስገርማል፤ ምናልባት ሌባው በፍርሃት ራሱን እንዲያጋልጥ ማድረጉ ጠቅሟቸው ይሆናል።

ከተማ ሲስፋፋ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት ኑሮ መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን የአራዳ ዘበኛ ይጠብቃት ጀመር፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የፖሊስ ሠራዊት በሕግ ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት በአጥፊው ብቻ እንዲወሰን ሲደነግግ፥ ያገር ሰው በጅምላ የሚከፍልበት የአውጫጭኝ ዕዳ መሠረቱ ተናደ። ከዚያ ወዲህ ሌባ ማደን የመንግሥት ሥራ፥ ቤት ማስጠበቅም የባለቤቱ ወጪ ሆነ፤ ካፖርት ለብሶ በደጃፍ የሚያድር ዘበኛም የከተማው መልክ ሆነ።

ጎረቤትን እንደ ገና ለጥበቃ የጠራው አብዮቱ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ተመሠረቱ፤ ነዋሪውም በየተራው ሌሊት ሮንድ ይወጣ ጀመር። በእርግጥ በብዙ ሰፈር የሌባ እግር አጠረ፤ ነገር ግን በቀበሌው ሥር የታጠቀው አብዮት ጥበቃ በቀይ ሽብር ጊዜ የጎረቤቱን ልጅ ከቤት ያወጣ ስለ ነበረ፥ የቀበሌ ጥበቃ ስም ለብዙ እናቶች የልቅሶ ስም ሆኖ ቀርቷል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለምኒልክ ሲመጣ የሚሰርቀው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ባለመኪና ሁሉ ስለ ስፖኪዮው ሲጨነቅ ያድራል። የሠፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ የጋራ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ጥንት በከብት ጭን ላይ ምልክት ይተኮስ እንደ ነበረ፥ የታርጋ ቁጥር በመስተዋቱ ላይ ይቀረጻል። እነዚህ መልካም ናቸው፤ የጎደለው ግን የጥንቱ ገዢ ጥያቄ ነው። ዘበኛው ሌሊቱን ሲጠብቅ ቢያነጋ፥ ጠዋት ያንኑ ስፖኪዮ በግማሽ ዋጋ ከማያውቀው ሰው እጅ የሚገዛ ባለመኪና ካለ ድካሙ ከንቱ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ በርካሽ ሲቀርብልህ፥ እንደ ጥንቱ በቅሎ ገዢ ሻጩን «ዋስ ጥራ» በለው።