የዓይን ብግነትና የአንድ ተክል ታሪክ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጠዳ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ግን የዓይን ሕመም ብዙ ሰው ያስቸገረበት ነው። ስለዚህ ሐሺሽ የሚባለው ተክል፣ ካናቢስ፣ ለዓይን ብግነት መድኃኒት ይሆናል የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ነገሩን ከነታሪኩ መመርመር ይገባል። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፈዋለን።

ተክሉ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በበጌምድር፣ በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ ላሊበላ ዋሻ በተባለ ስፍራ (ይህም ከላስታው ላሊበላ የተለየ ነው) በተደረገው ቁፋሮ የሸክላ ጋያዎች ተገኙ። በ1975 የታተመው የኬሚስትሪ ምርመራም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ካናቢስ የተጨሰባቸው መሆኑን አስረዳ። ነገር ግን ጋያው መጨሱን እንጂ ዓይን መታከሙን አይመሰክርም።

የሕክምናው ጥያቄ በሰፊው የተነሣው በ1971 ነው። በአሜሪካ ሄፕለርና ፍራንክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጭሱ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት እንደሚቀንስ ገለጡ፤ ውጤቱ ግን ከጥቂት ሰዓት አያልፍም። በ2008 ደግሞ ካናቢዲዮል የተባለው የተክሉ ቅመም በአይጦች ላይ የውስጥ ዓይንን ብግነት ሲያበርድ ታየ። ሆኖም በ2018 ይኸው ቅመም የአይጦችን የዓይን ግፊት ከፍ ሲያደርግ ተገኘ። እንግዲህ አንዱን ሕመም የሚያበርድ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው።

በአገራችን ብዙውን ዓይን ያጠፋው ብግነት ትራኮማ ነው። በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት 100 ሕፃናት ከ60 በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ሲደጋገም የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ስለዚህ ብግነቱን ብቻ ማብረድ አይበቃም፤ ባክቴሪያው መጥፋት አለበት።

ለዚህም የተፈተነ መንገድ አለ፤ እርሱም የታጠፈውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት፣ አዚትሮማይሲን መስጠት፣ ፊትን መታጠብና አካባቢን ማጽዳት ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ወደ አገር ቤት ስትወርዱ ዓይኑን የታመመ ዘመድ ምክር ቢጠይቃችሁ፣ በሕግ የተከለከለና ገና በምርመራ ላይ ያለ ተክል ተስፋ አድርጎ እንዳይዘገይ ንገሩት። ተመራማሪው ምርመራውን ይቀጥል፤ ሕመምተኛው ግን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አንድ ጊዜ የጠፋ ብሌን የነገውን ግኝት አይጠብቅምና።