«ባላባት»፣ «ሀላቃ» እና የዜግነት ፍች በኦቾሎ

«ባላባት» የሚለው ቃል በመነሻው አባት ያለውን፣ ማለትም የዘር ሐረጉ የታወቀውን ሰው ያመለክታል። ቃሉ ወደ ጋሞ ደጋዎች ሲዘልቅ ግን ከአባት ይልቅ ከመንግሥት የሚመነጭ ሹመት መጠሪያ ሆነ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ አካባቢው በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር በገባ ጊዜ፣ አስተዳደሩ ግብር የሚያሰባስብለትና ትእዛዝ የሚያደርስለት የአገር ተወላጅ አስፈለገው፤ ስለዚህም በየስፍራው ንጉሥ መሰል ሰው ይፈልግ ጀመር።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያይ አለታማ ኮረብታ ላይ የሰፈረችው ኦቾሎ ግን ለዚህ ፍለጋ የምትመች አልነበረችም። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. በስፍራው ያጠናው ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ማርክ አቤሌስ እንዳሳየው፣ የአገሩ ጉዳይ የሚቆረጠው በሸንጎ እንጂ በአንድ ሰው ቃል አልነበረም። «ሀላቃ»ን በድምፁ መመሳሰል ተታሎ «አለቃ» ብሎ መተርጐምም ስሕተት ነው፤ ሀላቃ በጋሞ ወግ ሸንጎው የሚመርጠው፣ ደግሶ ማዕረጉን የሚያጸናና ጊዜው ሲደርስ ለሌላ የሚለቅ ሰው ነውና።

ስለሆነም የመንግሥት አገልጋይ የሆነው የአገር ልጅ በሁለት መብቶች መካከል ቆመ። ማኅተሙ ሥልጣን ቢሰጠውም፣ በሸንጎ የመናገር መብቱ የመጣው ከልደቱ ነበር። ከሌላ አገር የመጣው ሹምና ወታደር በበኩሉ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይታደለው ነበር፤ የአንዱ እንጀራ የሌላው ዕዳ ነበር ማለት ነው።

ይሁንና ሸንጎውን ያለ መጠን ማሞገስ አይገባም። ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና»ዎች፣ ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ»ዎችና የባሪያ ዘሮች ከዚያ መብት ውጪ ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ብሎ ማናውን ሲያጠቃልል፣ የመንደሩ ሸንጎ ግን አላወቀውም። (ይኸው ሕግ ዜግነት የሚጠይቀውን የውጭ አገር ሰው አማርኛ አጥርቶ እንዲናገርና እንዲጽፍ ያስገድድ ነበር፤ የኦቾሎ ተወላጅ ለዜግነቱ ይህ አልተጠየቀም፤ መንግሥትን ለማገልገል ግን ያው አማርኛ ያስፈልገው ነበር።) የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ጾታ ሳይለይ፣ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ።

«ዜጋ» ራሱ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚሠራ ጥገኛ ማለት ነበር። መዝገበ ቃላታችን ይህን ጥንታዊ ፍች ከዛሬው ጎን ማስፈር ይገባዋል፤ በ«ባላባት» ሥርም የደቡቡን የሹመት ፍች ለብቻው ቍጥር ሰጥቶ ሊለየው ይገባል።