የስምጥ ሸለቆው ዳገትና የባቡሩ ስሌት

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ዘወትር የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ወደ ላይ እንዲወጣ ምን ያህል ኃይል ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ተማሪው በወረቀት የሚሠራው ይህ ስሌት፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በአዳማና በሞጆ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣው ሐዲድ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ስቴቪን እ.ኤ.አ. በ1586 በሦስት ማዕዘን ላይ የተጠመጠመ የኳሶች ሰንሰለት በማሰብ የተዳፋትን ሚዛን አስረዳ። ጋሊሌዮም የነሐስ ኳስ በተቦረቦረ እንጨት ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውን በሚፈስ ውሃ ለክቶ፣ ኳሱ የሚሄደው ርቀት ከጊዜው ካሬ ጋር እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በቁሙ የሚወድቅ ነገር ለመለካት እጅግ ስለሚፈጥን፣ ተዳፋቱ ውድቀትን ማዘግየቻ ሆነለት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት፣ የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ያለው 99 ኪሎ ሜትር ብቻውን ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በአማካይ በሺህ ሜትር 7 ሜትር መሆኑ ነው።

ይህ ለእግረኛ ዳገት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም፤ በቅሎም አትሰማውም። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ግን ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ በሜዳ የሚያቀልለው ነገር በዳገት መልሶ ያስቸግረዋል። 400 ቶን የሚመዝን ባቡር በሺህ 7 በሚወጣ መስመር ላይ ከክብደቱ የተነሣ ብቻ 27,400 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ ይጐተታል። ዳገቱ በሺህ 20 ቢሆን ቁጥሩ 78,400 ይደርሳል። መንኰራኩሩ ሐዲዱን ካልጨበጠ ደግሞ ሞተሩ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን በቦታው መሽከርከር ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች መንገዱን እያጠማዘዙ ያስረዝሙታል፤ ዳገቱ ይቀንሳል፤ ኩርባው ግን ይበዛል።

ኩርባ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ባቡሩን በኩርባው ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር፣ አዋሽ አጠገብ ባለ ኩርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ታሪክ ከደረሱት የባቡር አደጋዎችም እጅግ ከከፉት አንዱ ሆነ።

የመማሪያ መጻሕፍቱ ዕቃውን ወደ ላይ መግፋትን እንጂ ወደ ታች ማቆምን እምብዛም አያነሡም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በሜዳ በ278 ሜትር ውስጥ ሊቆም የሚችል ፍሬን ቢኖረው፣ በሺህ 20 በሚወርድ ቁልቁለት ላይ በዚያው ፍሬን ለመቆም 457 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። የመሬት ስበት ከፍሬኑ ጉልበት እየቀነሰ ነውና።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም ይህንኑ የስምጥ ሸለቆ ዳገት ይወጣል፤ ከአዳማ እስከ ሰበታ ባለው ክፍል ሐዲዱ ጥንድ ነው።